አንድ ክሊክ፣ የተለያየ ቁጥር፦ የማውስ ኢቨንትን በሁሉም ብራውዘር ማስማማት

ለጀመዓችንም ሆነ ለመመረቂያ ፕሮጀክት ካርታ ያለው ገጽ ስንሠራ በእኛ ላፕቶፕ ጎማው ሲሽከረከር የሚቀርበው ካርታ በሌላ ብራውዘር ሊርቅ ወይም እምብዛም ላይንቀሳቀስ ይችላል። ለምን?

ብራውዘሮች ለአንድ ድርጊት የተለያየ ቁጥር ስለሚሰጡ ነው። በስታንዳርዱ የማውሱ ግራ ቁልፍ 0፣ የመሀሉ 1፣ የቀኙ 2 ነው። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር እስከ 8ኛው ቨርሽን ድረስ ግራውን 1፣ መሀሉን 4፣ ቀኙን 2 ይል ነበር። ስለዚህ 1 ሲመጣ ከየት እንደመጣ ካላወቅን ግራ ይሁን መሀል አንለይም።

የጎማው ይብሳል። በድሮው አሠራር ክሮምና ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ጎማው አንድ ጊዜ ወደ ላይ ሲዞር 120 ይሰጣሉ፤ ፋየርፎክስ ደግሞ ወደ ታች ሲዞር 3። መጠኑም ምልክቱም ተለያየ። ላይብረሪዎች የፋየርፎክሱን በ-40 እያባዙ አስማሙት። ዛሬ "ዊል" የተባለው ስታንዳርድ ኢቨንት ምልክቱን አንድ አድርጎታል፤ መለኪያው ግን አሁንም ይለያያል። "ዴልታ ሞድ" 0 ከሆነ ቁጥሩ ፒክሰል፣ 1 ከሆነ መስመር፣ 2 ከሆነ ገጽ ነው። 3 መስመርን 3 ፒክሰል ብሎ የወሰደ ኮድ ካርታውን የቆመ ያስመስለዋል። መስመሩን በመስመር ቁመት፣ ገጹን በገጽ ቁመት ማባዛት የግድ ነው።

ይህን ማስተካከያ በየፋይሉ መበተን አያዋጣም። ኢቨንቱ በሚገባበት አንድ በር ላይ ይሠራ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ኮድ ስለ ብራውዘር ምንም አይወቅ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ጄኪውሪ ያደረገው ይህንኑ ነው፦ ቁልፎቹን በ"ዊች" 1፣ 2፣ 3 ብሎ አንድ አደረጋቸው፤ ዋናውንም ኢቨንት ሳይጥል "ኦሪጅናል ኢቨንት" ውስጥ አስቀመጠው። ይህን ማስቀመጥ አንርሳ፤ ያላሰብነው መረጃ የሚያስፈልግበት ቀን ይመጣል።

በሩ ላይ የብራውዘሩን ስም መጠየቅ ግን አይበጅም። ክሮም ራሱን ሲያስተዋውቅ "ሞዚላ"ም "ሳፋሪ"ም ይላል። በስሙ የሚዋሽ ራዊ ደግሞ ዘገባው እንዴት እንደሚታይ በመድረሳ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። ስሙን ትተን ችሎታውን እንፈትሽ፦ "አድ ኢቨንት ሊስነር" አለው? ካለው በስታንዳርዱ እንሂድ፤ ከሌለው "አታች ኢቨንት"ን እንሞክር። በእኛ አስተያየት ለ8ኛው ኤክስፕሎረር ዛሬ መድከም አያስፈልግም፤ ጄኪውሪም በ2013 ባወጣው 2.0 ትቶታል። የጎማው መለኪያ ግን የዛሬም ጉዳይ ነው። ፕሮጀክቱን ከማስረከባችን በፊት በፋየርፎክስም በክሮምም ከፍተን ጎማውን ወደ ላይና ወደ ታች እያዞርን በኮንሶሉ የሚወጡትን ቁጥሮች እናነጻጽር።