አሰላ ላይ ያለ ላፕቶፕ በበቆጂ ስልክ እንዲከፈት

አሰላ ሆነው ለአንድ የገብስ አምራቾች ማኅበር በላፕቶፕዎ ድረ ገጽ ሠርተዋል እንበል። ሊቀመንበሩ ያሉት በቆጂ ነው፤ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ፎቶ አንሥቶ መላክ አይበቃም፤ ቅጹን በገዛ ስልካቸው ሞልተው ማየት አለባቸው።

በሞባይል ኢንተርኔት ብዙ ደንበኛ አንድ አድራሻ ስለሚጋራ ከውጭ የመጣ ሰው የእርስዎን ላፕቶፕ ለይቶ ማግኘት አይችልም። መፍትሔው ላፕቶፑ ራሱ ወደ ውጭ መስመር ዘርግቶ እንግዳውን በዚያው ማስገባቱ ነው። ኢንግሮክ የተባለው መሣሪያ ይህን ይሠራል፤ እኔ ለአጭር ሙከራ የክላውድፍሌርን መሣሪያ እመርጣለሁ፤ አካውንት አይጠይቅም።

ከሁሉ በፊት ግን ምን እንደሚከፍቱ ይወቁ። የፓይተንን ቀላል ሰርቨር የግል ሰነዶችዎ ባሉበት ፎልደር ካስነሡት፣ የመታወቂያዎ ቅጂ ሳይቀር አድራሻው ለደረሰው ሁሉ ይታያል። ይህን እባክዎ በችኮላ አይለፉት። ድረ ገጹን ለብቻው ፎልደር ያድርጉለት፤ በሙከራው ጊዜም የእውነተኛ ገበሬ ስምና ስልክ አያስገቡ።

ቀጥሎ ፖርቱን ይዩ፦ በማሰሻው ላይ ሎካልሆስት ከሚለው ቃልና ከሁለት ነጥቡ በኋላ ያለው ቁጥር ነው። ጃንጎ ከሆነ ብዙ ጊዜ 8000፣ ፍላስክ ከሆነ 5000። የክላውድፍሌርን መሣሪያ ጭነው ሌላ ተርሚናል ይክፈቱና ስሙን ይጻፉ፤ ክላውድፍሌር ብለው መጨረሻው ላይ ዲ ፊደል ይጨምሩ። ክፍተት ትተው ተነል፣ ደግሞ ክፍተት ትተው ሁለት ሰረዝና ዩአርኤል፣ በመጨረሻም የሎካልሆስቱን አድራሻ እስከ ፖርቱ ድረስ ያስከትሉ። ኢንተር ሲጫኑ ረጅም አድራሻ ይወጣል። ግንኙነቱ እምቢ ካለ ፕሮቶኮሉን ኤችቲቲፒ 2 አድርገው ይሞክሩ። ጃንጎ 400 ስሕተት ካሳየ ደግሞ አዲሱን አድራሻ ከተፈቀዱት ስሞች ዝርዝር ውስጥ ያስገቡ።

አድራሻውን በቴሌግራም ከመላክዎ በፊት ዋይፋይ አጥፍተው በራስዎ ስልክ ይክፈቱት። የድረ ገጹን ፎቶዎች ያሳንሱ፤ በቆጂ የሚወርደው እያንዳንዱ ምስል አስቀድሞ ከእርስዎ ላፕቶፕ መውጣት አለበት፤ መስመርዎ ደካማ ከሆነ ሊቀመንበሩ ባዶ ገጽ እያዩ ይቆያሉ። ላፕቶፑ እንዳይተኛም ያድርጉ። መብራት ጠፍቶ ትእዛዙ ከተቋረጠ ሲያስነሡት አድራሻው ይቀየራል፤ አዲሱን መላክ አይርሱ።

ሊቀመንበሩ አይተው ሲጨርሱ ኮንትሮልና ሲ ይጫኑ። ከዚያ የድሮውን አድራሻ በስልክዎ እንደገና ይሞክሩት፤ መከፈት የለበትም።