ተውበትና ሕክምና፦ ስለ እንቅልፍ ኪኒን ሱስ

በአላህ ስም እጅግ በጣም ርኅሩኅ በጣም አዛኝ በሆነው።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የማውቀው አንድ ነጋዴ ወንድማችን ከሱብሒ ሰላት ሰፍ የማይጠፋ ሰው ነበር። አባቱ ሲሞቱበት እንቅልፍ አጣ። ሐኪም ዘንድ ሄዶ የ2 ሳምንት ዲያዜፓም ታዘዘለት። መድኃኒቱ ሲያልቅ ግን ወደ ሐኪሙ አልተመለሰም፤ ያለ ማዘዣ ከሚሸጥለት ሰው እየገዛ ቀጠለ። አንዱ ኪኒን ሁለት፣ ሁለቱ አራት ሆነ። ቀድሞ የቀረው ከሱብሒ ሰላት ነው፤ ቀጥሎ ሱቁን አርፍዶ መክፈት ጀመረ። ሦስት ዓመት እንዲህ ኖረ። በመጨረሻ ረመዳን ሲቃረብ ተውበት አድርጎ የቀረውን ኪኒን በሙሉ መጸዳጃ ቤት ጣለው። በአምስተኛው ቀን ሱቁ ውስጥ ወድቆ ተንፈራገጠ። የከበቡት ሰዎች «ጅን ነው» አሉ፤ ቁርኣን ተቀራለት። ነርስ የሆነች ዘመዱ ደርሳ ሆስፒታል ባታስወስደው ኖሮ የሚሆነውን አላህ ነው የሚያውቀው።

ውድ አንባብያን፣ የዚህ ወንድም ስሕተት ኪኒኑን መተዉ አይደለም። ስሕተቱ ብቻውንና በአንድ ቀን መተዉ ነው።

መድኃኒቱ ምንድን ነው?

ዲያዜፓም «ቫሊየም» በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ1963 ለገበያ የቀረበ ሲሆን ቤንዞዲያዜፒን ከሚባሉት የማረጋጊያ መድኃኒቶች አንዱ ነው። በአንጎላችን ውስጥ የነርቭን መቆጣት የሚያበርድ ጋባ የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ኪኒኑ የዚህን ሥራ ያጠናክራል። ለከባድ ጭንቀትና አልቆም ላለ የሚጥል በሽታ ትልቅ ጥቅም ያለው በመሆኑ መድኃኒቱን በጅምላ ማውገዝ ተገቢ አይደለም።

ችግሩ ጊዜው ሲረዝም ነው። ለእንቅልፍና ለጭንቀት ሲታዘዝ በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 ሳምንት እንዳያልፍ ይመከራል። ከዚያ በላይ በየቀኑ ከተወሰደ አንጎል ከውጭ የሚመጣውን ማብረጃ ተማምኖ የራሱን ያዳክማል። ኪኒኑ በድንገት ሲቋረጥ ታዲያ እንቅልፍ ማጣት፣ መንቀጥቀጥ፣ ላብና የልብ ምት መፍጠን ይከተላል፤ ሲከፋም ሰውየው ይንፈራገጣል፣ ሊሞትም ይችላል። እነዚህ መድኃኒቶች እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በ1971ዱ ዓለም አቀፍ የቁጥጥር ስምምነት ሥር የገቡት በከንቱ አይደለም። በአገራችንም ያለ ሐኪም ማዘዣ መሸጣቸው ክልክል ነው።

«ሐራም አልነካሁም»

ብዙው ሙስሊም አልኮል ወደ አፉ አያስጠጋም፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን ጫት ሲቅም አምሽቶ ምርቃናውን ለመስበር ኪኒን የሚውጥ አለ። «መድኃኒት እንጂ መጠጥ አይደለም» ብሎም ራሱን ያጽናናል። ዑለማዎች፣ ከእነርሱም መካከል በ505 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት ኢማም አል-ገዛሊ፣ ሸሪዓ ሊጠብቃቸው ከመጣባቸው አምስት ነገሮች አንዱ ዐቅል መሆኑን አስተምረዋል። ያለ በሽታ ዐቅልን ለማደንዘዝ የሚዋጥ ኪኒን ስሙ መድኃኒት መሆኑ ብቻ ሐላል አያደርገውም። ሐኪም አይቶ፣ መጠኑንና ጊዜውን ወስኖ ያዘዘለት በሽተኛ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ እርሱን «ሱሰኛ» ብሎ መጥራት ግፍ ነው። በተለይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው እንደ ፌኖባርቢታል ያለውን የታዘዘለትን መድኃኒት «ሱስ ነው» በሚል ወሬ ማቋረጥ የለበትም።

ቀስ በቀስ መውረድ

አስካሪ መጠጥ በእስልምና የተከለከለው በአንድ ቀን እንዳልነበረ ይታወቃል። መጀመሪያ በሱረቱል በቀራ (219) ጉዳቱ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ተነገረ፤ ቀጥሎ በሱረቱ ኒሳእ (43) ሰክሮ ወደ ሰላት መቅረብ ተከለከለ፤ በመጨረሻ በሱረቱል ማኢዳ (90) ፈጽሞ እርም ሆነ። ይህ ማለት ዛሬ መጠጥን በጥቂት በጥቂቱ መጠጣት ይፈቀዳል ማለት አይደለም፤ ሕጉ ተጠናቋል። የምንማረው ግን የሰውን ልማድ ለመለወጥ ደረጃ በደረጃ መሄድ ጥበብ እንዳለበት ነው።

የዘመኑ ሕክምናም መንገዱ ይኸው ነው። ሐኪሙ በሽተኛው የሚወስደውን መጠን ያጣራል፤ ከዚያም በአብዛኛው በየ2 ወይም በየ4 ሳምንቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ እየቀነሰ ያወርደዋል። ወራት ሊፈጅ ይችላል። ጎን ለጎንም እንቅልፍ ያሳጣው ኀዘን ወይም ጭንቀት በምክር ይታከማል፤ ጫቱ ካልቀረ ደግሞ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ ተውበት ያደረገ ሰው በሐኪም ትእዛዝ እየቀነሰ የሚውጠው ኪኒን ተውበቱን አያፈርስበትም፤ የመውጫው መንገድ ነውና። ረመዳን ቢደርስበትም የኪኒኑን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ወደ ኢፍጣርና ስሑር ማዛወር ይቻል እንደሆነ ይጠይቅ። ካልተቻለም በሽተኛ በሌላ ጊዜ እንዲያወጣ አላህ ፈቅዶለታል።

የት እንሂድ?

«አማኑኤል ገባ» ማለት በአገራችን ሰውን መሳደቢያ ሆኖ ኖሯል። በዚህ ሐፍረት ምክንያት ስንቱ ቤቱ ተደብቆ ይጎዳል! የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ግን የሱስ ሕመምተኞችንም የሚያክም ትልቅ ተቋም ነው። የደብረ ማርቆስ ሰው ደግሞ ለመጀመር 300 ኪሎ ሜትር መጓዝ አይጠበቅበትም፤ በከተማው ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም በተቀሰቀሰው ግጭት መንገድ በተደጋጋሚ ሲዘጋ፣ የብዙ ሰው እንቅልፍም ሲታወክ አይተናል። ይህን የመሰለ ጊዜ በቅርብ ያለውን ሐኪም ማወቅን የግድ ያደርገዋል።

ኢማሞቻችንና የጀመዓችን ታላላቆችም ድርሻ አላቸው። የወደቀውን ሰው ሩቃ ማድረግ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሩቃው ሆስፒታል ከመሄድ አያስቀር። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) የገጠር ዐረቦች «እንታከም ወይ?» ብለው ሲጠይቋቸው እንዲታከሙ ማዘዛቸውንና ከእርጅና በቀር አላህ መድኃኒት ያላወረደለት በሽታ እንደሌለ ማስተማራቸውን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። ቤተሰብም ኪኒኑን ነጥቆ ከመጣል ይልቅ በሽተኛውን እጁን ይዞ ወደ ሐኪም ይውሰደው። የመድኃኒት ነጋዴ ወንድሞቻችንም ያለ ማዘዣ በመሸጥ የሚገኝ ትርፍ በረካ እንደሌለው ይወቁ።

ያ ነጋዴ ወንድማችን ከሆስፒታል ወጥቶ በሐኪም ክትትል ሲቀንስ ስምንት ወር ፈጅቶበታል። መጀመሪያ የተመለሰው ወደ ሱብሒ ሰላት ነው። አንድ ቀን ከመስጊድ ስንወጣ «ያኔ አላህን ፈርቼ ጣልኩት፤ ሰውን አፍሬ ግን ሐኪም አልጠየቅሁም» አለኝ። በዚህ ሐፍረት የታሰረ ወንድም ወይም እኅት ካለ ነገ ሳይል ዛሬ ይነሣ። አላህ ለሕመምተኞቻችን ሺፋ ይስጥልን። አሚን።