ፕሮፌሰሩ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር፦ የአሌሳንድሮ ቮልታ ሕይወት (1745–1827)



በጎሮና በአካባቢው ማታ መብራት ሲጠፋ በየቤቱ መጀመሪያ የሚሰማው «ባትሪውን አምጡት» የሚል ድምፅ ነው። በባትሪው ውስጥ የምንከታቸውን ድንጋዮች አገላብጦ ያየ ሰው «1.5 ቮልት» የሚል ጽሑፍ ያገኝባቸዋል። ይህ «ቮልት» የሚለው ቃል የአንድ ሰው ስም ነው። ሰውየው የፊዚክስ ፕሮፌሰር፣ ባለ ትዳርና የሦስት ልጆች አባት፣ በቁምስናው ደግሞ ለሕፃናት ትምህርተ ክርስቶስ የሚያስተምር ምእመን ነበር።

ዛሬ ልጆቻችን ወደ ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ሲገቡ «ሳይንስ የተማረ ሰው እንዴት ያምናል?» የሚል ጥያቄ ይገጥማቸዋል። ጥያቄው ወደ ወላጆችና ወደ መምህራን መመለሱ አይቀርም። የቮልታን ሕይወት የምናስታውሰው ለዚህ ጥያቄ በቃል ብቻ ሳይሆን በኑሮው ጭምር መልስ ስለ ሰጠ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1. ከቤተሰቡ የተቀበለው

አሌሳንድሮ ቮልታ የካቲት ወር 1745 በሰሜን ኢጣልያ፣ በሐይቅ ዳር በምትገኘው በኮሞ ከተማ ተወለደ። አፉን ለመፍታት እጅግ ስለ ዘገየ ቤተሰቡ ተጨንቆ እንደ ነበር ይነገራል። ገና ሕፃን ሳለ አባቱ በሞት ስለ ተለየው በዘመዶቹ እጅ አደገ። ቤተሰቡ መንፈሳዊ ነበረ፤ ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ መካከል ብዙዎቹ የክህነትን ወይም የምንኩስናን ሕይወት መረጡ። እርሱም በከተማው በሚገኘው የኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት ተማረ። ነገር ግን ጥሪው ሌላ ነበር፤ ልቡ የተሳበው የተፈጥሮን ሥርዓት ወደ መመርመር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ዳግማዊ የቫቲካን ጉባኤ ስለ ቤተ ክርስቲያን ባወጣው ሰነድ እንዳስተማረን፣ ምእመናን በዓለም ውስጥ በሥራቸውና በቤተሰብ ኑሯቸው እግዚአብሔርን እንዲያገለግሉ የተጠሩ ናቸው። ቮልታ ከጉባኤው ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ ይህን ጥሪ ኖሮታል።

2. የምርምሩ ፍሬ

ቮልታ በመጀመሪያ በኮሞ አስተማረ። በ1776 ከረግረጋማ ውሃ ውስጥ የሚወጣውንና የሚቀጣጠለውን ጋዝ ሰብስቦ መረመረ፤ ይህ ዛሬ ሚቴን የምንለው ነው። ቀጥሎም በፓቪያ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ሆኖ ተሾመ፤ እስከ 1819 ድረስም ከዩኒቨርሲቲው ጋር ቆየ።

በ1791 የቦሎኛው ሐኪም ሉዊጂ ጋልቫኒ አንድ አስደናቂ ነገር አሳተመ፤ የሞተ እንቁራሪት እግር በሁለት ዓይነት ብረቶች ሲነካ ይንፈራገጣል። ጋልቫኒ ኤሌክትሪኩ ከእንስሳው አካል የሚመጣ ነው አለ። ቮልታ ግን ብዙ ከመረመረ በኋላ ምንጩ የሁለቱ ልዩ ልዩ ብረቶች መገናኘት ነው አለ። ጋልቫኒም እንደ ቮልታ ጽኑ ካቶሊካዊ ነበር። ሁለቱ አማኞች በሳይንስ ጉዳይ አልተስማሙም፤ ክርክራቸውን የመረመሩት ግን በሙከራ ነው። በእምነት አንድ መሆን በተፈጥሮ ምርምር ሁሉ አንድ ሐሳብ መያዝን አይጠይቅም።

ቮልታ ሐሳቡን ለማረጋገጥ የዚንክና የብር ክብ ቁራጮችን እያፈራረቀ ደረደረ፤ በየመካከላቸውም በጨው ውሃ የተነከረ ወፍራም ወረቀት አስገባ። ከድርድሩ ላይና ታች ሽቦ ሲያገናኝ ሳያቋርጥ የሚፈስ ኤሌክትሪክ አገኘ። ይህን መጋቢት 20 ቀን 1800 በጻፈው ደብዳቤ ለለንደኑ የሳይንስ ማኅበር አስታወቀ። ዛሬ በእጃችን የምንይዘው ባትሪ የዚያ ድርድር ልጅ ነው። በ1801 በፓሪስ በናፖሊዮን ቦናፓርት ፊት ሙከራውን አሳየ፤ ኋላም የወርቅ ሜዳይና የመሳፍንት ማዕረግ ተሰጠው። ከሞተ በኋላም በ1881 በፓሪስ የተሰበሰቡ ሊቃውንት የኤሌክትሪክ ግፊት መለኪያን በስሙ «ቮልት» ብለው ሰየሙት።

3. ባልና አባት

ቮልታ ቴሬዛ ፔሬግሪኒን ያገባው በ1794፣ በ49 ዓመቱ ነው። ዛኒኖ፣ ፍላሚኒዮና ሉዊጂ የተባሉ ሦስት ወንዶች ልጆች ወለዱ። ሥራው በፓቪያ፣ ቤቱ በኮሞ ስለ ነበረ ሁለቱን ማስማማት ቀላል አልሆነለትም። ዝናው በገነነበት ጊዜ ከማስተማር ሥራ አርፎ ወደ ቤተሰቡ ለመመለስ ጠየቀ። ናፖሊዮን ግን ስሙ ከዩኒቨርሲቲው እንዲጠፋ ስላልፈለገ፣ ሥራው እንዲቀልለት ብቻ ፈቀደ።

በ1814 ከባድ ኀዘን ደረሰበት፤ ሁለተኛው ልጁ ፍላሚኒዮ በወጣትነቱ ሞተ። ያን ያህል ክብርና ሜዳይ የተሰጠው አባት በልጁ መቃብር ፊት እንደ ማንኛውም አባት ባዶ እጁን ቆመ። ልጅ የቀበረ ወላጅ ይህን ያለ ማብራሪያ ያውቀዋል።

4. በቁምስናው ውስጥ

ቮልታ በኮሞ ሳለ ወደ ቅዳሴ መሄድንና የመቁጠሪያ ጸሎትን ያዘወትር ነበር። በቅዱስ ዶኒኖ ቁምስናም ለሕፃናት ትምህርተ ክርስቶስ ያስተምር ነበር። ለፈረንሳይ ገዢና ለታላላቅ ሊቃውንት ያስረዳው ያው ሰው፣ በቁምስናው አግዳሚ ወንበር ላይ ለተቀመጡ ልጆች የሃይማኖትን መጀመሪያ ትምህርት ማስረዳትን ከክብሩ በታች አላደረገውም።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፤ አንዳንድ ጊዜ አገልግሎታችን ትንሽ መስሎ ይታየናል። ቮልታ ግን ትንሽ ነው አላለውም።

5. የ1815 ደብዳቤ

ልጁ በሞተ በዓመቱ ቮልታ ስለ እምነቱ እንዲመሰክር ተጠየቀ። ነገሩ እንዲህ ይተረካል። ቺቼሪ የተባሉ ካህን አንድ በሽተኛ ያስታምሙ ነበር። በሽተኛው ሃይማኖት ያልተማሩ ሰዎች ነገር ነው ባይ ነበረ። ካህኑ የቮልታን ምሳሌነት ሲጠቅሱለት፣ የሊቁ እምነት ለታይታ ሳይሆን ከልብ ከሆነ ነገሩን እንደሚያስብበት ነገራቸው። ካህኑም ለቮልታ ጻፉ።

ቮልታ የመለሰው ደብዳቤ እስከ ዛሬ አለ። ፍሬ ሐሳቡ ይህ ነው፦ የካቶሊክ እምነትን ሁልጊዜ እንደ ያዘ፣ በሥራው ግን ድክመት እንደማያጣው ይመሰክራል። እምነት ከእግዚአብሔር የሚሰጥ ጸጋ መሆኑን ያምናል፤ ይሁን እንጂ ማስረጃዎቹን ለመመርመር የእምነትን ጠበቆችም ሆነ የተቃዋሚዎቹን መጻሕፍት እንዳነበበ ይገልጻል። በመጨረሻም እንደ ሐዋርያው ጳውሎስ በወንጌል እንደማያፍር ያረጋግጣል።

ሁለት ነገሮችን እናስተውል። አንደኛ፣ ቮልታ እምነትን በፊዚክስ አረጋግጫለሁ አላለም፤ የእምነትን ማስረጃ የፈለገው በፊዚክስ መሣሪያ አልነበረም። ሁለተኛ፣ የተቃዋሚዎችን ጽሑፍ ለማንበብ አልፈራም። በኀዘን ላይ ያለ አባት ይህን መጻፉም ምስክርነቱን ከባድ ያደርገዋል።

ቮልታ በ1819 ሥራውን ትቶ በኮሞ አጠገብ ወደ ምትገኘው ካምናጎ ገባ፤ መጋቢት 5 ቀን 1827 በ82 ዓመቱ ዐረፈ።

6. በከተማችንም

ቮልታን በልጅነቱ ያስተማሩት ኢየሱሳውያን ናቸው። ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ የዚያው ማኅበር አባላት በአዲስ አበባ ተመሳሳይ ሥራ ሠሩ። በ1950 የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያደራጁት ካናዳዊው አባ ሉሲየን ማትና ጓደኞቻቸው ነበሩ። የተጠሩት ለማስተማር እንጂ ለመስበክ ስላልነበረ የክህነት ልብስ ሳይለብሱ አገለገሉ። ከእነርሱም አንዱ፣ የፊዚክስ መምህሩ አባ ፒየር ጉዋን፣ ዓለም አቀፍ የምድር ጥናት ዓመት በተከበረበት በ1957 እና 1958 ገደማ የመሬትን መግነጢሳዊ ኃይል የሚመዘግብ ጣቢያ አቋቋሙ፤ አዲስ አበባ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ለዚህ ሥራ ተመራጭ ነበረች። ቆይቶም የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ተጨመረ። የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ አጥንተው በ1979 ትልቅ መጽሐፍ አሳተሙ። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ እስከ ከተማችን ተሰምቶ ብዙዎች በሌሊት ሲደነግጡ፣ ሕዝቡ ማብራሪያ የጠበቀው ከዚያ ጣቢያ ካደገው የዩኒቨርሲቲው ተቋም ነበር። እነዚህ አባቶች ሳይሰብኩ የመሰከሩት በሥራቸው ነው።

7. ለእኛ የሚሆን ትምህርት

ወላጆች፦ ልጅ ስለ እምነት ሲጠይቅ «ዝም በል» አንበለው፤ የጠየቀ ልጅ የካደ አይደለም። መልሱን ባናውቀው አብረን እንፈልግ።

መምህራን፦ ቮልታ እንዳደረገው ከማስተማራችን በፊት እናንብብ፤ የሚቃወሙንንም ሐሳብ እንወቅ።

የተማራችሁ ምእመናን፦ ሐኪሙ፣ መሐንዲሱ፣ መምህሩ በሳምንት አንድ ሰዓት ለቁምስናው ሕፃናት ቢሰጥ፣ ልጆቹ ዕውቀትና እምነት በአንድ ሰው ውስጥ ሲኖሩ በዓይናቸው ያያሉ። ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አያገኙትም።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. ቮልታ ምሁርነቱንና ቤተሰቡን ለማስማማት ምን ችግር ገጠመው? በእኛ ኑሮ ተመሳሳዩ ምንድን ነው?
ለ. በ1815 ለቮልታ የቀረበው ጥያቄ ዛሬ ለእኔ ቢቀርብ ምን ብዬ እጽፋለሁ?
ሐ. በቁምስናችን ካሉት ምሁራን መካከል ለሕፃናት ትምህርት ልንጋብዛቸው የምንችል እነማን ናቸው?

ዛሬ ማታ መብራት ቢጠፋና ባትሪውን ብናበራ፣ ልጆቻችንን ሰብስበን የዚህን ሰው ታሪክ እንንገራቸው። ከዚያም አብረን እንጸልይ።