የበሩ ገንዘብ

ወጣቱ፦ አባ ቢያ፣ ከጎጀብ ማዶ ጨበራ ጩርጩራ ፓርክ ላይ የዝሆን ዳና ሎጅ ተሠርቶ እንግዳ ይቀበላል። ለእኛ ለደዶ ልጆችም ሥራ ሊተርፈን ነው።

አባ ቢያ፦ ሥራውን አልጠላም ልጄ፤ እኔ የምጠይቀው ከፓርኩ ገቢ ድርሻ ነው። ሥራን ቀጣሪው ሲሻው ይሰጣል፣ ሲከፋው ይነሣል። ድርሻ ግን በሕግ ይጻፋል። የኡጋንዳ ሕግ ከፓርክ መግቢያ ክፍያ 20 በመቶው ለአጎራባች ሕዝብ እንዲሰጥ ያዛል። ሩዋንዳም እ.ኤ.አ. በ2005 ከፓርኮቿ የቱሪዝም ገቢ 5 በመቶ ብላ ጀምራ፣ በ2017 ወደ 10 አሳድጋዋለች።

ወጣቱ፦ ገንዘቡ ለሕዝብ ከሄደ ጥበቃው በምን ይካሄዳል?

አባ ቢያ፦ ጠባቂው ማን ሆነና! የመንዝን የጓሳ ግጦሽ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለዘመናት ያቆየው ቄሮ የሚባለው የሕዝቡ ሥርዓት ነው። ሣሩን ለዓመታት ይዘጉት ነበር፤ ድርቅ ሲጠና ይከፍቱት ነበር። ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም ዛሬ ድረስ አለ።

ሕዝቡ ጠባቂ አይሆንም የሚሉት በ1983 ዓ.ም. የሆነውን ያነሣሉ፤ ያንን ግን ሁሉም አጣሞ ነው የሚያወራው። ደርግ ሲወድቅ በብዙ ፓርኮች ዙሪያ ያለው ሰው የጥበቃ ካምፑን ሰበረ፤ በሩን ገንጥሎ፣ ቆርቆሮውን ነቅሎ ወሰደ፤ አውሬውንም ገደለ። ከዚያ ወዲህ በየስብሰባው «ሕዝቡ የዱር እንስሳ ጠላት ነው» ይባላል። ይህ ስም ማጥፋት ነው! ጉጂዎችን ከነጭ ሳር ፓርክ በጉልበት ያስወጣቸው ማን ነው? ከብታቸውን ከግጦሹ ያባረረው ማን ነው? ሰው የሰበረው ከመሬቱ ያገደውን ካምፕ ነው፤ ካምፑ ደግሞ አንዲት ሳንቲም አላሳየውም። የተጠቀመበት ቢሆን ኖሮ ራሱ ይጠብቀው ነበር። እኔ ይህን ስናገር ስንቴ «ዘራፊን ትደግፋለህ» ተብያለሁ! ዘረፋውን አልደገፍኩም፤ ምክንያቱ ይመርመር ነው ያልኩት። እስከ ዛሬ ግን የሚመረምር አላየሁም።

ወጣቱ፦ በእኛ በጅማስ?

አባ ቢያ፦ ወደ ቦንጋ ስትሄድ በለጠ-ጌራ የሚባል ደን አለልህ። በጃፓኑ ጃይካ እገዛ ዋቡብ የሚባሉ የደን ማኅበራት ተቋቋሙ፤ የደን ቡናው የሬይንፎረስት አሊያንስ ምስክር ወረቀት አግኝቶ በተሻለ ዋጋ ተሸጠ። ምስክር ወረቀት ያገኘው ደን ካላገኘው ያነሰ ተመነጠረ። ገበሬው ዛፉን የተወው ቡናው ከጥላው ሥር ስለሚያበላው ነው።

ወጣቱ፦ ታዲያ እኛ ምን ብለን እንጠይቅ?

አባ ቢያ፦ «ትምህርት ቤት ሠራንላችሁ» ብለው ቢመጡ፣ እሱ የመንግሥት ግዴታ ነው በላቸው። የመግቢያው ደረሰኝ ላይ የቀበሌው ድርሻ ለብቻው ይታተም። ገንዘቡ ቀበሌው ራሱ በሚያንቀሳቅሰው ሒሳብ ይግባ፤ በየሩብ ዓመቱም በጉባኤ ፊት ይነበብ፣ ሴቶቹም ባሉበት።