ድርሻ ያላት ልጅ

ወሎ፣ ከሚሴ ውስጥ ቡና ሲፈላ ሥራው ለብዙ እጅ ይበቃል። የሚቆላ፣ የሚወቅጥ፣ ጎረቤት የሚጠራ፣ ፍንጃል የሚያጥብ፣ ቁርስ የሚያዞር አለ። ዱዓ ሲደረግም መዳፉን ዘርግቶ ሁሉም "አሚን" ይላል።

በአንድ ቤት ሴሬብራል ፓልሲ ያለባት የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለች እንበል። ሁኔታው የሚመጣው በማደግ ላይ ያለ አንጎል ሲጎዳ ነው፤ ጡንቻን ማዘዝ ያስቸግራል። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ቃል ቶሎ አይወጣላትም። ቤተሰቡ ይወዳታል፤ ስለሚወዳትም "አትድከም" ብሎ ጥግ መደብ ላይ አስቀምጧታል። ቡናው ፈልቶ ተጠጣ። ልጅቷ እዚያው ቤት ነበረች፤ ከቡናው ግን አልነበረችበትም።

ተሳትፎ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ በቦታው መገኘትንና ልብን ሰጥቶ መካፈልን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጣው ምደባም አካል ጉዳትን ከሰውነት ጋር ብቻ አያያይዝም። የቤቱ ደፍ ከፍታ፣ የዕቃው ክብደት፣ የሰው አመለካከትም ይቆጠራሉ። የልጅቷን እግር መቀየር ባይቻል እንኳ ደፉን ዝቅ ማድረግ ይቻላል።

ከየት ይጀመር? መጀመሪያ ልጅቷ የምትፈልገውን ማወቅ ነው። መናገር ካቃታት ዓይኗ የት እንደሚያርፍ ማየት ነው። ፍንጃል ሲታጠብ ዓይኗን ካልነቀለች ሥራዋ እሱ ነው።

ቀጥሎ ሥራውን መበተን። ፍንጃል ማጠብ ውኃ መቅዳት፣ ማሸት፣ ማለቅለቅ፣ ረከቦት ላይ መደርደር አለው። ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው ቢጀመር ይቀላል፤ እናት ሌላውን ትሠራለች፣ ልጅቷ ትደረድራለች። ያ ሲለመድ ማለቅለቁ ይጨመራል። እንዲህ ሲሆን ገና በመጀመሪያው ቀን ሥራ የመጨረስን ደስታ ትቀምሳለች።

ሦስተኛው ዕቃውንና ቦታውን ማስማማት ነው። ጀርባዋን የሚደግፍ መቀመጫ፣ እንዳይንሸራተት ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ የተነጠፈለት ሳፋ፣ እጀታው በጨርቅ ተጠቅልሎ የወፈረ ማንኪያ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። ለሌሎች ልጆችም እንዲሁ ነው። ውኃ ለመቅዳት አህያ ሲነዳ ሃያ ሊትር ጀሪካን የማይችል ልጅ ትንሽ ጠርሙስ ይዞ ይከተላል። ማየት ለተሳነው ከበር እስከ መጸዳጃ ቤት ገመድ ይዘረጋለታል፤ ዕቃም ከቦታው አይነሳበትም። መስማት ለተሳናት ፊት ለፊት ሆኖ በምልክት መነጋገር ያስፈልጋል፤ ምልክቱን መላው ቤተሰብ ይማራል። የሚጥል በሽታ ያለበትን ከእሳት ማራቅ ግድ ነው፤ ከቡናው ማራቅ ግን አይደለም። ቆሎውን ያዙር። ማሳያውም ሆነ ትእዛዙ ቤተሰቡ በሚናገረው ቋንቋ ይሁን፤ አፋን ኦሮሞ ከሆነ በአፋን ኦሮሞ።

ከሁሉ የሚከብደው መታገሥ ነው። ትልቅ ሰው ይቸኩላል፤ "አምጪ፣ እኔ ልጨርሰው" ይላል። በዚያች ቅጽበት ሥራው ይፈጥናል፣ ልጅቷ ግን ድርሻዋን ታጣለች።

ይህ ችሮታ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 23 አካል ጉዳት ያለበት ልጅ በማኅበረሰቡ ውስጥ በንቃት እንዲሳተፍ ሁኔታዎች ይመቻቹለት ይላል። ዕድሉ ሲገኝ የሚሆነውን እዚሁ ወሎ ተወልደው በአምስት ዓመታቸው የዓይን ብርሃናቸውን ያጡት የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤ ያሳያሉ። በሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ በኋላም ከዓይናማ ተማሪዎች ጋር ሲማሩ የተማሪ ክበባትን እስከ መምራት ደረሱ። በ2017 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀብለዋል።

ወደ ቡናው እንመለስ። አሁን ፍንጃሉን ልጅቷ ደርድራዋለች፤ ሁለቱ ተዘቅዝቀዋል፣ ማንም አላስተካከላቸውም። ዱዓው ሲያበቃ ሁሉም "አሚን" አለ። መራቂው ግን መዳፋቸውን ፊታቸው ላይ አላሳለፉም። ወደ ልጅቷ ዞረው ጠበቁ። ቃሉ ዘግይቶ፣ ግማሹ ተውጦ መጣ። ያኔ ዱዓው አለቀ።