«በታከመ» እና «በዳነ» መካከል
ስለ ፊንጢጣ ካንሰር ግርሻ አጭር ጥናት

ባገራችን አነጋገር «ታከመ» እና «ዳነ» የሚሉት ሁለት ቃላት ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ይቈጠራሉ። ከእብናት ተነሥቶ ትልቅ ሆስፒታል የደረሰ ሕመምተኛ ቁስሉ ተሰፍቶ ሲመለስ፣ ጎረቤቱ «እንኳን እግዜር ማረህ» ብሎ ይቀበለዋል፤ ነገሩም ያለቀ ይመስላል። ለፊንጢጣ ካንሰር፣ ይኸውም ከትልቁ አንጀት መጨረሻ ላይ ለሚነሣው ነቀርሳ፣ ግን በሁለቱ ቃላት መካከል 5 ዓመት ያህል አለ።

ሕመሙ ማገርሸቱ ወይም አለማገርሸቱ በመጀመሪያ የሚወሰነው በተገኘበት ደረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ኩትበርት ዱክስ የተባለ የለንደን ሐኪም ደረጃውን በሦስት ከፈለው፤ በአንጀቱ ግድግዳ ውስጥ የተወሰነ፣ ግድግዳውን አልፎ የወጣ፣ በዙሪያው ወዳሉት ንፍፊቶች የደረሰ። የዛሬው አከፋፈል የረቀቀ ቢሆንም መሠረቱ ይኸው ነው። በአሜሪካ መዝገብ መሠረት፣ ካንሰሩ ከቦታው ሳይወጣ ከተገኘባቸው 100 ሕሙማን 90 ያህሉ 5 ዓመት ይሻገራሉ፤ ወደ ሩቅ አካል ከተዛመተባቸው ግን 20 አይሞሉም። ይህ የብዙ ሰው ድምር ነው እንጂ የአንድ ሰው ዕጣ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ሕክምናው ነው። ዳሌ ጠባብ ስለ ሆነ ዓይን የማያየው ቅንጣት እዚያው ሊቀር ይችላል። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ቢል ሂልድ እ.ኤ.አ. በ1982 ፊንጢጣውን ከሸፈነው ስብ ጋር ሳይቀደድ አንድ ላይ ማውጣት እንደሚገባ ጻፈ፤ በዚህም ዘዴ በቦታው የሚያገረሸው እጅግ ቀነሰ። ኋላም በሆላንድ በተደረገ ታላቅ ጥናት፣ በ10 ዓመት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ብቻ ካገኙት 100 ሰዎች በ11ዱ ሕመሙ በቦታው ሲያገረሽ፣ አስቀድሞ ጨረር ከተሰጣቸው ግን በ5ቱ ብቻ ሆነ። ይሁን እንጂ በጠቅላላው በሕይወት የቈዩት ቍጥር በሁለቱ ወገን ተቀራራቢ ነበር። ግርሻ ሁለት ዓይነት ነውና፤ አንዱ በቦታው፣ ሌላው በጉበትና በሳንባ ላይ ይነሣል።

ከሚያገረሸው ውስጥ አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት ይታያል። ስለዚህ በነዚያ ዓመታት በየ3 ወይም በየ6 ወሩ መመርመር፣ ከዚያም እስከ 5 ዓመት መከታተል ያስፈልጋል። በጉበት ወይም በሳንባ ላይ ትንሽ ሆኖ የተገኘ ግርሻ አንዳንድ ጊዜ ተቈርጦ ሊወጣ ይችላል፤ ዘግይቶ ሲገኝ ግን ይህ በር ይዘጋል።

እንግዲህ ወደ አገራችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና ይገኝ የነበረው አዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከደብረ ታቦር እዚያ ለመድረስ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይኬዳል። ደግሞም በሰገራ ላይ የሚታይ ደም «ኪንታሮት ነው» ተብሎ ስለሚታለፍ ብዙዎች ወደ ሐኪም የሚደርሱት ዘግይተው ነው። የታከመውም ገበሬ ደኅንነት ከተሰማው፣ ቀጠሮው በአጨዳ ላይ ሲውልበት፣ «ምንም የለብህም» ለመባል በሬ ሸጦ መንገድ ይጀምራልን? አይፈረድበትም። ነገር ግን ቀጠሮው የሕክምናው ግማሽ መሆኑን የነገረው ሰው ላይኖር ይችላል።

የትምህርት ጓደኞቼ፣ ለዚህ የሕክምና ተማሪ መሆን አያስፈልግም። ለዕረፍት አገር ቤት ስንገባ የታከመ ዘመድ ካለን ወረቀቱን እናንብብለት፤ የቀጠሮውን ቀን በእኛ አቈጣጠር ጽፈን እንስጠው፤ ከምርመራው የትኛው በደብረ ታቦር ሊደረግ እንደሚችል ሐኪሙን እንጠይቅለት። በጣት የሚደረገው ምርመራ ከጓንት በቀር መሣሪያ አይሻም። ደም፣ የማይለቅ የዳሌ ሕመም፣ ያለ ምክንያት መክሳት ከታየ ቀጠሮ ሳይጠብቅ እንዲሄድ እንንገረው። «ዳነ» የሚለውን ቃል 5ቱ ዓመት ሲሞላ አብረን እንልለታለን።