ምላጭን ምን ብንቀባው አይዝግም?

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በሰፈርንባቸው በኡም ራኩባና በቱነይድባ መጠለያዎች ብዙዎቻችን የምንላጨው በራኩባ ሥር በሚሠሩ ጸጉር አስተካካዮች ዘንድ ነው። ከእነርሱ አንዱ ባለፈው ክረምት፣ «መምህር፣ ሴራሚክ የተቀባ ምላጭ አይዝግም ይላሉ። የእኔን ታጣፊ ምላጭ ምን ልቀባው?» ብሎ ጠየቀኝ። የዛሬው ትምህርታችን በዚሁ ላይ ነው።

ብረት የሚዝገው ውኃና የአየር ኦክስጅን በአንድነት ሲያገኙት ነው። ጨው ሲጨመርበት ይፈጥናል። ላብ የነካው ምላጭ በገዳሪፍ ክረምት ሳይደርቅ ከታጠፈ ወዲያው ቡናማ ነጥብ የሚያወጣው ለዚህ ነው። «የማይዝግ» የሚባለው ብረት ከ10 በመቶ በላይ ክሮሚየም አለበት፤ ይህም ለዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ያበጅለታል። እርሱም ቢሆን ጨውና በረኪና ሲበዛበት ይዝጋል።

ሴራሚክ የሸክላ ወገን ነው፤ ጀበና ሲዝግ ያየ የለም። ፋብሪካዎች ቲታኒየም ናይትራይድ የሚባለውን ወርቅማ ሴራሚክ በብረት ላይ የሚያሳርፉት አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ ውፍረቱ ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው። የሰው ጸጉር ወደ 70 ማይክሮን ይደርሳል። ይህን በጎጆአችን ልንሠራው አንችልም። ለመኪና የሚሸጠውን ቅብ ብንቀባ ስለቱ ይደነዝዛል፤ በድንጋይ ስንስለውም ቅቡ መጀመሪያ የሚለቀው ከስለቱ ላይ ነው። በእሳት ለማድረቅ መሞከር ደግሞ የባሰ ነው፤ ተራ የምላጭ ብረት ከ200 ዲግሪ በላይ ሲግል ጥንካሬውን እያጣ ይሄዳል።

ለእኛ የሚሆነው ልባስ ዘይት ነው። ምላጩን አጥቦ እስከ መጋጠሚያው በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ፣ ከዚያም አንድ ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት መቀባት። በሰሊጥ አገር የሰሊጥ ዘይት አይታጣም፤ ነገር ግን ሲቆይ እየተጣበቀ አቧራ ይሰበስባል። ከመላጨት በፊት ዘይቱ በሳሙና ይታጠባል።

ይህን ነግሬው ስጨርስ ወጣቱ ሌላ ነገር አወጣ። ለካ ምላጩ ሁለት ጊዜ የዛገበት በበረኪና ስለ ነከረው ኖሯል። ዝገቱን ፈርቶ በረኪናውን ትቶ፣ ደንበኛ በተለዋወጠ ቁጥር በጨርቅ ብቻ ይጠርግ ነበር! እኔም ሁለት ጊዜ እርሱ ዘንድ ተላጭቻለሁ።

ልብ በሉ፤ የሚያበራ ምላጭ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ጉበትን የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል። ዘይትም ሆነ ሴራሚክ አይገድለውም፤ በአልኮል ጠረግ ማድረግም አይበቃም። በጋራ የሚሠራበት ምላጭ ደሙ በሳሙና ከታጠበ በኋላ 20 ደቂቃ ይቀቀል። መቀቀል ካልተቻለ፣ 5 በመቶ ከሆነው በረኪና አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውኃ ቀላቅሎ 10 ደቂቃ መንከር ነው፤ ውሁዱ በየቀኑ አዲስ ይሁን። በረኪና ብረት ስለሚበላ ሰዓቱ እንደ ሞላ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ፣ ማድረቅና ዘይት መቀባት ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ለአንድ ሰው አንድ ምላጭ ነው። ግማሽ ምላጭ የሚገባበት እጀታ አለ፤ ደንበኛው የራሱን አዲስ ምላጭ ይዞ ይመጣል፤ ከተላጨ በኋላ ምላጩ ክዳኑ በተሰነጠቀ ቆርቆሮ ውስጥ ይጣላል። ወጣቱ አሁን የሚሠራው በዚህ ነው። ታጣፊውን ምላጭ ዘይት ቀብቶ ለራሱ ጢም አስቀርቶታል።